የልጅ ልጆቼን የጀርመን አባቶች እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይቻላል ወይ?

የአዘዞው መምህር፣ ጎንደር፦ ጥር 17

ጤና ይስጥልኝ። በስቱትጋርት የምትኖረው ልጄ ዘንድሮ ለጥምቀት ከጀርመናዊ ባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ጎንደር መጥታ ነበር። በበዓሉ ማግስት ማታ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ እንደ ልማዳችን የልጆቹን የእናት ወገን በቃሌ ቆጠርሁላቸው፤ ከእናታቸው ተነሥቼ እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን እያልሁ እስከ ሰባተኛው ቤት ደረስሁ፣ እያንዳንዱም በየትኛው ደብር እንደተቀበረ ነገርኋቸው። ዐሥር ዓመት የሆነው ወንዱ ልጅ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ወደ አባቱ ዞሮ «በአንተ በኩልስ?» ሲል ጠየቀው። አማቼ አባቱንና አያቱን ጠርቶ አያቱ በ1912 እ.ኤ.አ. መወለዳቸውን ተናገረና እዚያ ላይ ቆመ። ለልጆቹ ሦስተኛ ቤት ላይ ማለት ነው። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ ግን እስከ አሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

እኔ ለልጆቹ የማወርሰው አንድ ደብተር አለኝ። በግራ ገጹ የእናታቸውን፣ በቀኝ ገጹ የአባታቸውን ወገን ጽፌ ላስረክባቸው እፈልጋለሁ፤ ቀኝ ገጹ ግን ባዶ ነው። የቤተሰቡ መጠሪያ ስም «ቤክ» ይባላል። እኛ የአባታችንን ስም አስከትለን እንጠራለን እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገር የወል መጠሪያ ስለሌለን፣ ይህ ስም ከየት እንደሚነሣና በእርሱ ተመርቶ ወደ ኋላ መሄድ ይቻል እንደሆነ አላውቅም። በቤተሰቡ ዘንድ ያለው ወሬ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንደኛ ስሙ «ዳቦ ጋጋሪ» ማለት ስለሆነ አባቶቻቸው ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ ይባላል፤ ሁለተኛ ከወንድማማቾች አንዱ በድሮ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀርቷል። ለዚህ ሁለተኛው ምስክር የሚሆን በ1921 እ.ኤ.አ. ከሲንሲናቲ ኦሃዮ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አላቸው፤ ጽሕፈቱን ግን አማቼ ራሱ ማንበብ አልቻለም። ከየት እንጀምር?


ጎንደሬዋ ከስቱትጋርት፦ ጥር 18

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር አራዳ ነው፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ የባለቤቴንም ቤተሰብ ትውልድ የቆጠርሁት እኔ ነኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ያለፍሁበትን ድካም አስታወስሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ስሙን ለጊዜው ይተዉትና መንደሩን ይፈልጉ። እኛ ዘንድ አንድን ሰው ለማወቅ «የየት አጥቢያ ሰው ነው?» እንደሚባለው ሁሉ፣ በጀርመንም ከ1876 በፊት የተወለደ፣ ያገባና የሞተ ሰው የሚገኘው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ የአገሩን ሁሉ ሕዝብ በስም አሰባስቦ የያዘ አንድ መዝገብ የለም። አጥቢያውን ሳያውቁ «ቤክ» የሚለውን ስም ይዘው ቢነሡ፣ እርስ በርሳቸው ምንም የማይዛመዱ በሺህ የሚቆጠሩ ቤኮች ያጋጥሙዎታል።

ስለ ስሙም ቢሆን ቤተሰቡ የሚያወራው በከፊል እውነት ነው። ጀርመኖች የሚወረስ የቤተሰብ ስም መያዝ የጀመሩት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ በደቡብና በምዕራብ ከተሞች ነው፤ ከተሞች ሲሞሉና በአንድ ሰፈር ብዙ «ዮሐንስ» ሲገኝ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት በሙያው፣ በመጣበት አገር፣ በአባቱ ስም ወይም በመልኩ መጥራት ግድ ሆነ። ሙለር ወፍጮ የሚያስፈጭ፣ ሽሚት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ሽቫርትስ ጠቆር ያለ፣ ባየር ከባቫሪያ የመጣ ማለት ነው። «ቤክ» በደቡብ ጀርመን፣ በተለይም በሽቫቤን፣ ዳቦ ጋጋሪ ማለት ነው፤ በሰሜን ግን ያው ቃል ወንዝ ወይም ጅረት ማለት ስለሆነ፣ የሰሜኑ ቤክ ጅረት ዳር የሚኖር ሰው ነበር። ስለዚህ መንደሩ ካልታወቀ የስሙ ትርጉም እንኳ አይታወቅም። ደግሞም ስሙ አንዴ ከጸና በኋላ ልጆቹ ሌላ ሙያ ቢይዙ ስሙ አብሯቸው ይሄዳል፤ ብዙ ቤተሰብ የአባቶቹን ሙያ ከስሙ ተነሥቶ ገምቶ ኋላ እንደ ታሪክ ስለሚያወራው፣ መዝገቡ እስኪገኝ ድረስ «ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ» የሚለውን በደብተርዎ ባይጽፉት ይሻላል።

አሁን መንደሩ እንዴት ይገኛል ወደሚለው ልምጣ። አያትየው በ1912 ከተወለዱ፣ የልደት ማስረጃቸው በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይገኛል፤ የመንግሥት የክብር መዝገብ በመላ ጀርመን የተጀመረው ከጥር 1 ቀን 1876 ወዲህ ነው። በሕጉ መሠረት የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ሲሞላው ወደ ቤተ መዛግብት ተላልፎ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን አማችዎ ቀጥተኛ ተወላጅ ስለሆነ መጠየቅ ይችላል። የልደት ማስረጃው የወላጆችን ስም ይሰጣል፤ የወላጆቹ የጋብቻ መዝገብ ደግሞ እነርሱ የት እንደተወለዱና አባትና እናታቸው እነማን እንደሆኑ ይናገራል። እንዲህ እያሉ ከ1876 ወዲያ ያለውን ዘመን ይሻገሩና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይደርሳሉ።

ቤተሰቡ ስቱትጋርት ያለችበት የቩርተምበርግ ግዛት ሰው ሆኖ ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት። የቩርተምበርግ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትንና ጋብቻን እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1558 ነው፤ በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ ከ1618 እስከ 1648 ድረስ፣ ብዙ መንደር ከነመዝገቡ ስለተቃጠለ ግን የአብዛኛው ሰው ቆጠራ እዚያ ዘመን ላይ ይገታል። ከሁሉ የሚበልጠው ከ1808 ጀምሮ የተያዘው የቤተሰብ መዝገብ ነው፦ በአንድ ገጽ ላይ ባልና ሚስት፣ የሁለቱም ወላጆች፣ የባልየው ሙያ፣ ልጆቻቸው በሙሉ ከልደትና ከሞት ቀናቸው ጋር ተጽፈው ይገኛሉ። አንድ ገጽ ካገኙ ሦስት ትውልድ አገኙ ማለት ነው። እነዚህ መዝገቦች አርኪዮን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ይታያሉ፤ የካቶሊክ አጥቢያ ከሆነ ማትሪኩላ የሚባለው በነፃ ነው፤ ፋሚሊሰርችም በነፃ ብዙ አለው።

ሲያነቡ ሁለት ነገር እንዳያሳስትዎ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሴት ስም መጨረሻው ላይ «ኢን» ይጨመርበታል፤ «ቤኪን» የሚል ቢያገኙ ሌላ ቤተሰብ አይምሰልዎ፣ የቤክ ልጅ ወይም ሚስት ናት። ሌላው፣ ሕፃን ሲሞት ስሙን ከእርሱ በኋላ ለተወለደው መስጠት የተለመደ ስለነበረ፣ በአንድ ቤት ሁለት ወይም ሦስት «ዮሐን ጆርጅ» ያጋጥማል፤ ያደገው የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይጻፉ። የክርስትና አባትና እናቱንም ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመድ ናቸው።


ቀሐ ዳር፦ ጥር 18

መምህር፣ ርእሱን አይቼ የጋፋት ነገር መስሎኝ ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ከሠሩት የወንጌል ሠራተኞች መካከል ጀርመኖች ነበሩበትና፣ ምናልባት የልጅዎ ባለቤት ከእነርሱ ወገን ይሆን?


የአዘዞው መምህር፦ ጥር 19

ልጄ፣ አይደለም። አማቼ ልጄን እስካገባበት ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ የረገጠ ዘመድ እንደነበረው አያውቅም። ከስቱትጋርት የመለሽልኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጻፍሽውን ለአማቼ ተርጉሜ ልኬለታለሁ። አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ ስለሄደው ወንድም የሚያውቅ ቢኖር።


መዝገብ አገላባጭ፦ ጥር 21

መምህር፣ እኔ ብሬመን ነው የምኖረው፤ የተሰዳጆችን መዝገብ ማገላበጥ ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ይወስደዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ፍለጋውን ከመርከብ አይጀምሩ። ከብሬመን የተነሡ መንገደኞች ዝርዝር ከፊሉ ቦታ ጠበበ ተብሎ፣ ቀሪው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል፤ የተረፈው ከ1920 እስከ 1939 ያለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሐምቡርግ ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ድረስ አለ፣ የመንገደኛውንም የመኖሪያ ቦታ ስለሚጽፍ ውድ ሰነድ ነው፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳፈረው ከፈረንሳይ ወደብ ከለ ሃቭር ነበር፣ የዚያም ዝርዝር አብዛኛው የለም። ኒው ዮርክ ሲደርስ ደግሞ ጸሐፊው «ጀርመን» ወይም «ቩርተምበርግ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ መንደሩን አይጽፍም።

ይልቅ የወጣበትን ቦታ ይጠይቁ። በቩርተምበርግ አንድ ሰው ሊሰደድ ሲነሣ ለባለሥልጣን ማመልከት፣ ዜግነቱን መተውና ዕዳ እንደሌለበት ማሳየት ነበረበት፤ ይህ ሁሉ ወረቀት በሉድቪግስቡርግ ቤተ መዛግብት ይገኛል፣ ስሞቹንም የባደን ቩርተምበርግ ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት ላይ በስምና በመንደር እንዲፈለጉ አድርጎ አውጥቷቸዋል። ሳያሳውቁ በስውር የሄዱም ነበሩ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ቄሱ በቤተሰብ መዝገቡ ጠርዝ ላይ የጻፋት አጭር ቃል ናት፦ «ወደ አሜሪካ»።

ለምን ሄዱ ለሚለው፣ መልሱ ለእኛ ለጎንደር ሰዎች ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ። በቩርተምበርግ የመሬት ውርስ እንደ ሰሜን ጀርመን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን፣ ሴቱም ወንዱም እኩል የሚካፈለው ነበር። እኛም ዘንድ ርስት በአባትም በእናትም እየተቆጠረ ሲካፈል ኖሯል፤ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ አያቶቻችን ትውልድ መቁጠርን ያጠበቁት ዳኛ ፊት አቅኚ አባታቸውን ጠርተው ድርሻቸውን ለማስከበር ጭምር ነበር። ቩርተምበርግ ላይ ማሳው በየትውልዱ እየተቆራረሰ ከሰው መሥሪያ ወደማያበቃ ስንጥር ወረደ፤ አንድ መጥፎ ዓመት ሲመጣ የሚሸሽበት አልነበረውም። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በ1816 በጋ ያልነበረበት ዓመት ሲሆን፣ ሰብሉ በሽቫቤን ጠፋና በ1817 ብዙ ሕዝብ ከፊሉ ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻና ወደ ቤሳራቢያ፣ ከፊሉ ወደ አሜሪካ ፈለሰ። ከ1845 ጀምሮ ደግሞ ድንቹን በሽታ መታው፤ የ1848ቱ አብዮት ከሸፈ፤ በ1854 ብቻ ወደ አሜሪካ የገቡት ጀርመኖች ከ200,000 በላይ ነበሩ። የእርስዎ ሰው ደብዳቤው ከተጻፈበት ከ1921 ሁለት ትውልድ ቀድሞ ከሄደ፣ በዚህ ጎርፍ ውስጥ የሄደ ይመስለኛል።

ደብዳቤውን በግልጽ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ ጀርመኖች በ1941 ከትምህርት ቤት ስላስወጡት የዛሬው ትውልድ አያነበውም፣ «ኤ» የሚባለው ፊደላቸው «ኤን» መስሎ ስለሚታይም ስምን እንኳ ያሳስታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ፣ እንዴት እንደምለው እያሰብሁ ነው። አማችዎ ከቤታቸው የቆየ የወረቀት ሳጥን ውስጥ «አኔንፓስ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ ካለ ይፈልግ። በናዚ ዘመን፣ ከ1933 ወዲህ፣ የመንግሥት ሥራ ለመያዝና ሌላም ብዙ ነገር ለማድረግ ሰው ሁሉ የአይሁድ ደም እንደሌለበት ከአያቶቹና ከዚያም በላይ ቆጥሮ እንዲያሳይ ይጠየቅ ነበር፤ ቄሶችም ከየመዝገቡ እየገለበጡ ማኅተም ያደርጉበት ነበር። መጽሐፉ የተዘጋጀበት ዓላማ ርኩስ ነው። በውስጡ የተገለበጠው የጥምቀትና የጋብቻ ቀን ግን ከነአጥቢያው ስለሚገኝ፣ የብዙ ቤተሰብ መንደር የተገኘው በእርሱ ነው። ብዙ ቤተሰብም ስለሚያፍርበት ይደብቀዋል፤ እርስዎ በቀስታ ይጠይቁት።


የአዘዞው መምህር፦ የካቲት 24

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ያገኘነውን ሁሉ አጣርቼ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

መጽሐፉ ነበር። አማቼ ገና ወጣት ሳለ አይቶት ኖሮ፣ ባለፈው በቤቴ ሲቆጥር ሦስተኛው ላይ የቆመው ስላላወቀ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ስሞች ያየው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለሆነ በልጆቹና በእኔ ፊት ከዚያ አንሥቶ መጥራት ከበደው። ይህን በስልክ ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔም ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ፤ ምክንያቱም ያ ወረቀት የተሠራው እንደ እኔ የልጅ ልጆች ያለ ልጅ በዚያ ቤት እንዳይወለድ ለመከልከል እንደሆነ ገብቶኛል። ኋላ ግን ስሞቹ የወረቀቱ አይደሉም፣ የተጠመቁበት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ከመዝገቡ አንብበህ አምጣልኝ እንጂ ከመጽሐፉ አትገልብጥልኝ አልሁት። እንደዚያው አደረገ። መጽሐፉን መንደሩን ለማወቅ ብቻ ተጠቀመበትና ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ከአርኪዮን፣ ከጥምቀትና ከቤተሰብ መዝገቡ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አንድ በአንድ አነበበ።

መንደሩ በሽቫቤን ተራሮች ላይ ባሊንገን አጠገብ ያለች ትንሽ አጥቢያ ናት። አራተኛው በ1880፣ አምስተኛው በ1851፣ ስድስተኛው በ1822 የተወለዱ ናቸው፤ ሰባተኛውን ደግሞ ከስቱትጋርት የጻፈችልኝ ጎንደሬዋ እንዳለችው በቤተሰብ መዝገቡ ላይ ከነሚስቱ አገኘነው። ሙያቸውን ሳልጽፍ መቆየቴ መልካም ሆነ፤ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው አንድም ዳቦ ጋጋሪ የለም፣ ሁሉም ሸማኔዎች ናቸው፤ በዚያ ደጋ ተልባ እየፈተሉ በፍታ ሲሸምኑ የኖሩ ድሆች።

ደብዳቤውንም ከብሬመን ያለው ወዳጃችን አነበበልን፤ እግዜር ያክብርልኝ። የጻፈችው ወደ ሲንሲናቲ የሄደው ሰው የልጅ ልጅ ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ችግር ላይ መሆናችሁን ሰምተን የዱቄትና የስብ ጥቅል ልከናል፣ ደርሷችሁ እንደሆነ ጻፉልን ትላለች፤ መልስ ይላክላት አይላክላት የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም። አያትዋ የስድስተኛው ታናሽ ወንድም ነው፣ በ1829 የተወለደ፤ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ቄሱ «መጋቢት 1854 ወደ አሜሪካ» ብለው ጽፈውበታል። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ የሲንሲናቲዎቹ ዘመዶቻችን ዛሬ የት እንዳሉ እንፈልግ ብሎ አባቱን ይዞታል፤ መንገዱን የምታውቁ ካላችሁ ለእርሱ ጻፉለት፣ አማርኛ ማንበብ ጀምሯል።

በደብተሩ ቀኝ ገጽ ላይ ዘመኑን በእኛ አቈጣጠር ነው የጻፍሁት። መጋቢት 1854 እ.ኤ.አ. መጋቢት 1846 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ካሳ ኃይሉ ደራስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሊደፉ ዐሥራ አንድ ወር ሲቀራቸው። በግራው ገጽ በዚያው ረድፍ ላይ ያለው የቅድመ አያቴ አባት፣ ከካሳ ጋር ወደ ደራስጌ ዘምቶ እዚያው ስሜን ላይ ወድቆ የቀረው ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጻፍኋቸው፤ ለአንዱ «ስሜን ቀረ»፣ ለሌላው «አሜሪካ ቀረ»።